ዝም ላለ አንድ አዝራር

ሰኞ

ልጄ ዛሬ ከሆስፒታል ወጣች። በቀዶ ጥገና ነው የወለደችው፤ ስትራመድ ግድግዳ ትይዛለች። ወንድ ነው። ከመዳፌ እስከ ክርኔ ይደርሳል፤ ከዚያ አያልፍም። አማቼ ሻንጣዬን ከታች እስከ ሦስተኛው ፎቅ ተሸክሞ አወጣና፣ እማማ እንግዲህ ቤቱ የእርስዎ ነው፣ እኔ ነገ መንገድ ላይ ነኝ አለኝ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከወጣ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ይቆያል።

ትልቋ ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም። አባቷ “ሬዲዮ” ይላታል፤ ዓይኗን ከገለጠችበት እስክትከድን ድረስ አፏ አይዘጋም። በር ላይ ተቀብላኝ ወንድሟን አሳየችኝ። የሷ እንደሆነ፣ ጥርስ እንደሌለው፣ ሥራው ማልቀስ ብቻ እንደሆነ አስረዳችኝና የራሷን ጥርሶች በጣቷ እየነካካች አስቆጠረችኝ።

ልጄን እንዴት ነሽ አልኳት። ደህና ነኝ አለች።

ማንበብና መጻፍ የተማርኩት በራሴ ነው፤ ካገባሁ በኋላ፣ ዕቃ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ። እጄ እንዳይረሳ በየቀኑ ትንሽ እጽፋለሁ። ለሰው የማልናገረውን ስለምጽፍ ነገሩ አያልቅብኝም።

ረቡዕ

ትንሹ ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ። ጠዋት እሱ ሲተኛ ሬዲዮ ነቃች። ዘፈነች። ድስት በማንኪያ መታች። እሱ ነቃ። የታችኛው ፎቅ ሴትዮ ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበች። ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሾርባው አረረብኝ። ዝናቡ አላባራም፤ የታጠበው የሕፃን ጨርቅ ሁሉ ቤት ውስጥ ተሰጥቷል። ዛሬ ይኸው ነው።

ዓርብ ማታ

ሁሉም ተኝተዋል። እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ እጽፋለሁ።

ልጄ አትተኛም። ዓይኗን ጨፍና ትጋደማለች እንጂ እንቅልፍ አይወስዳትም። ሕፃኑን ሳመጣላት ታጠባዋለች፤ ሲጨርስ ምንም ሳትለው ትመልስልኛለች። ልክ የጎረቤት ዕቃ እንደሚመለስ። ዛሬ ሬዲዮ እናቷ አልጋ ላይ ዘላ ወጥታ ቁስሏን በጉልበቷ መታቻት። ልጄ አልጮኸችም፤ ከንፈሯን ነክሳ አመድ መሰለች። ልጅቷን ጎትቼ ሳሎን አወጣኋትና ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ አሰብኩ። እንዲህ ከቀጠለ ልጄ ታልቅብኛለች።

ከዚያ ያ የድሮው ጨዋታ ትዝ አለኝ።

ባለቤቴ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። ቤታችን አንድ ክፍልና በመጋረጃ የተከለለች ጓዳ ነበረች። ልጄ ሕፃን ሳለች እሱ እንዲያርፍ ብዬ “የድመት እግር” የሚባል ጨዋታ ፈጠርኩላት። ጣቴን ከንፈሬ ላይ ሳደርግ ጨዋታው ይጀምራል። በድመት እግር መሄድ ነው፤ ማውራት የለም፣ ማልቀስም የለም፣ እኔ “በቃ” እስክል ድረስ። እስከዚያ ዝም ላለ ሰው አንድ አዝራር ይሰጠዋል። አዝራር ቤታችን ሞልቶ ነበር፤ ለልብስ ሰፊው አዝራር እተክልለታለሁ፣ እስካሁንም እንጀራዬ እሱ ነው። ልጄ ጨዋታውን የማትሸነፍ ሆና ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ይቀናብኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ እጇን ዘረጋችልኝ። ሰጠኋት። ከዚያ ወደ ቤት ገባሁ።

ይህን ለምን ጻፍኩት? ሌላ ነገር ልጽፍ ነበር የጀመርኩት። አዎ፣ የአዝራር ቆርቆሮዬ ሻንጣዬ ውስጥ ነው። ነገ ለሬዲዮ አሳያታለሁ።

እሁድ

ሠራ። ገና በመጀመሪያው ቀን! ሬዲዮ ጫማዋን አውልቃ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ በእግር ጥፍሯ ስትሄድ አንጀቴን በላችው። ምሳ እስኪደርስ ትንፍሽ አላለችም። በቃ ስላት ያጠራቀመችውን ወሬ ሁሉ በአንዴ ለቀቀችው፤ ግማሹን አልሰማኋትም፣ ትንሹን እያጠብኩ ነበር። ሰማያዊ አዝራር መረጠች፤ ባለ አራት ቀዳዳ፣ የሚያብረቀርቅ። ይዛው ተኛች።

ልጄም ከሰዓት በኋላ የተኛች መሰለኝ።

ማክሰኞ

የታችኛዋ ሴትዮ ደረጃ ላይ አግኝታኝ፣ እትዬ ምን አደረጓት፣ ልጅቷን ወደ ዘመድ ሰደዷት እንዴ አለችኝ። ቤት ናት አልኳት። “የተባረከች! ያለች እኮ አትመስልም” አለች። ደስ አለኝ። ብዙ ጊዜ የሚያመሰግነኝ ሰው የለም።

ማታ ልጄ ውሃ ልትጠጣ ወጣች። ሬዲዮ ወለል ላይ አዝራሮቿን እየደረደረች ነበር፣ ያለ ድምፅ። ልጄ ብርጭቆውን እንደያዘች ቆማ አየቻት። አዝራሮቹን አየች። እኔን አየች። አንድ ነገር የምትለኝ መስሎኝ ጠበቅኩ። ውሃውን ሳትጠጣ አስቀምጣ ገባች።

ምን ልትል ነበር? ምናልባት ቁስሉ አሟት ይሆናል።

ሐሙስ

ከጤና ጣቢያ ነርስ መጣች። ወጣት ናት፣ ቀልደኛ። ሕፃኑን መዘነችው፤ ይሄ ሰውዬ ሌላ ሥራ የለውም እንዴ፣ መብላት ብቻ ነው እንዴ አለች። የልጄን ቁስል አየች። እንቅልፍስ ብላ ጠየቀቻት፤ ደህና ነኝ። ታለቅሻለሽ፣ ይከፋሻል፤ ደህና ነኝ። ነርሷ እኔን ዞር ብላ አየችኝ። ልናገር ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንደምትውል፣ ልጁን ስሙን ጠርታው እንደማታውቅ። ልጄ አጠገቤ እያለች እንዴት ብዬ እላለሁ? ሆድ ይፍጀው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

ሬዲዮን ስሟን ጠየቀቻት። ልጅቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ነርሷ ሳቀች። ዓይናፋር ናት አለች።

ስትወጣ፣ ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ስለሆነ የሚወጋ፣ የሚቆርጥ፣ የሚዋጥ ነገር ከፍ ብሎ ይቀመጥ አለችኝ። መርፌዎቼን፣ መቀሴን፣ የልጄን መድኃኒት ሰብስቤ ቁም ሣጥን አናት ላይ አወጣሁ። ጥንቁቅ ሴት ነኝ።

ቅዳሜ

አማቼ ገባ። ከበር ላይ ሆኖ በስሟ ሲጣራ ሬዲዮ በድመት እግር ሄዳ እግሩን አቀፈችው። ከፍ አድርጎ አነሳት፤ መንገድ ላይ ያየውን ግመል በድምፅ አስመሰለላት፤ ፈገግ ብላ አፉን በእጇ ያዘችው። “ሬዲዮዬን ማን ዘጋብኝ?” አለ እየሳቀ። ማንም አልሳቀለትም፤ እሱም ተወው።

ማታ ወጥ ቤት ገብቶ በሩን ገርበብ አደረገ። እማማ፣ ሚስቴ አታወራኝም አለኝ። ምን በድያት ነው? እኔ እንጃ፣ ድካም ይሆናል አልኩት። ከእናቷ የሚደበቅ ነገር እንደሌለ ያስባል። ሕፃን ሳለችስ እንዲህ ነበረች ወይ አለኝ። ጨዋ ልጅ ነበረች አልኩት። አባቷ ከሞተ ወዲህማ ጭራሽ።

ይህንን ስል እጄ ሳህኑ ላይ ቆመ። ከሞተ ወዲህ አልኩ እንጂ ቀድሞም ነበረች። ያው ነው።

ሰኞ

አማቼ ሄደ። ዝናብ። ሬዲዮ ልብሷ ላይ ሸናች፤ በመጀመሪያው ሰሞን ትጠራኝ ነበር። ዛሬ አልጠራችኝም። ጨዋታው አልቆ ነበር እኮ፤ በቃ ብያት ነበር። ወይስ አላልኳትም? አላስታውስም።

ከሰዓት በኋላ ትንሹ ሳሎን ፍራሽ ላይ ተኝቶ ሲነጫነጭ ሬዲዮ ጎንበስ ብላ ጣቷን የሱ ከንፈር ላይ አደረገች። እያስተማረችው ነው። በአጋጣሚ ዝም አለ። ወደ እኔ ዞራ በኩራት አየችኝ። ሳቅሁ። ጎበዝ መምህርት አልኳት።

ሳቅሁ።

ረቡዕ

አልችልም። ዛሬ አልጽፍም።

ሐሙስ

በሕይወት አለ። መጀመሪያ ይህንን ልጻፍ። በሕይወት አለ፤ ይጠባል፤ ሐኪሙ ሁሉን አይቶ ምንም አልሆነም ብሏል። የልጄ ቁስል ተከፍቶ እንደገና ሰፍተዋታል።

የሆነው እንዲህ ነው። ልጄ ክፍሏ ተጋድማ ነበር። ትንሹ ሳሎን ፍራሹ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ቆሻሻ ላወርድ ስነሳ ለሬዲዮ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ወንድምሽን ጠብቂ አልኳት። ቆሻሻውን ጥዬ ስመለስ የታችኛዋ ሴትዮ በሯን ከፈተች። ቤታችሁ ሰው ያለበት አይመስልም፣ እኔኮ ልጆቼን እንዲህ ማድረግ አቅቶኝ ነው ያረጀሁት፣ እስኪ ምስጢሩን ይንገሩኝ አለችኝ። ቆምኩ። አልቸኮልኩም። ቅርጫቱን በእጄ እንደያዝኩ ስለ ድመት እግር ነገርኳት።

እየነገርኳት እያለ ከላይ ጩኸት መጣ። የማን ድምፅ እንደሆነ አላወቅኩትም። ልጄ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም፤ ሕፃን ሆናም። ሴትዮዋ በልማድ መጥረጊያዋን ብድግ አድርጋ ነበር፤ ከዚያ ፊቴን አይታ ለቀቀችው።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ልጄ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ሕፃኑን ክንዷ ላይ በአፍጢሙ አስተኝታ ጀርባውን ትመታለች። የሌሊት ልብሷ ሆዷ ላይ ደም አለው። የሕፃኑ ፊት ጠቁሯል። ሬዲዮ አጠገባቸው ተቀምጣለች። እንባዋ እየወረደ ነው። ድምፅ የላትም። ጣቷ ከንፈሯ ላይ ነው።

አዝራሩ ከአፉ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ሰማያዊው። የምትወደው።

ሕፃኑ ሲያለቅስ እኔ በደመ ነፍስ እሽሽ አልኩ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ያንን አስተያየት የምጽፍበት ቃል የለኝም።

ሬዲዮ ያኔ ተናገረች፣ በሹክሹክታ። “ዝም አለ። ሰጠሁት።”

ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

ቅዳሜ

ሆስፒታል ልጄ አጠገብ ቆየሁ። አማቼ ሌሊቱን ነድቶ ደርሶ ልጆቹን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወጥቷል። ይቅር በይኝ ልላት ቃል ስፈልግ ቀደመችኝ። ጣሪያውን እያየች ነበር የምታወራው፣ ቀስ ብላ፣ ሰው ሲያነብ እንደሚያነበው።

አልተኛሁም ነበር አለች። ጸጥታው ነው ያስነሳኝ። ያንን ጸጥታ አውቀዋለሁ።

ብርድ ልብሷን እስከ ደረቷ ሳብኩላት።

“አባዬ ያን ቀን ስሜን ጠርቶኛል፣ እማዬ። መጀመሪያ ጮክ ብሎ፣ ኋላ ቀስ ብሎ። በሩ ሥር ነበርኩ። በቃ አላልሽኝም ነበር።”

ነርስ ገብታ ሙቀቷን ለክታ ወጣች። ልጄ እስክትወጣ ጠበቀችና፣ አንቺ መጥተሽ አዝራሩን ሰጠሽኝ አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ያን ቀን ሱቁ ውስጥ የቆየሁት ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ባለሱቁ ስኳር የጠቀለለልኝ ጋዜጣ ላይ አንድ ታሪክ ነበረ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ገጽ ከላይ እስከ ታች ሳልደናቀፍ እያነበብኩ ነበር። እስክጨርሰው ቆሜ አነበብኩት። ባለሱቁ አጨበጨበልኝ።

ሐኪም አባቷን የገደለው ልቡ ነው ብሎ ነበር፣ ብትደርሱም አይተርፍም ነበር። ለልጄ ይህን ነግሬያት አውቃለሁ? ያወቀች ይመስለኝ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለዚያ ቀን አውርተን አናውቅም። ጨዋ ልጅ ነበረች።

ሰኞ

አማቼ ሻንጣዬን ከሦስተኛው ፎቅ ተሸክሞ አወረደ። እማማ፣ አይቀየሙኝ፣ ለጊዜው ነው አለኝ። እህቱ መጥታ ታግዛቸዋለች። ጊዜው እስከ መቼ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ልጅቷ መስኮት ላይ ነበረች። እጄን ሳወዛውዝላት እሷም አወዛወዘች። አፏ ተዘግቷል።

የአዝራር ቆርቆሮውን ወንዝ ውስጥ ልወረውረው አስቤ ነበር። የሥራ ዕቃ ነው። ይዤው ገባሁ።

ረቡዕ፣ ቤቴ

ወደ ልብስ ሰፊው ተመለስኩ። አንቺ ሴት ያለአንቺ ሸሚዙ ሁሉ ደረቱን ገልጦ ነው የዋለው ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። አዝራር ማንሳት አልቻልኩም። ጠርዝ ልስፋልህ አልኩት። ምንም ሳይጠይቅ ሱሪዎቹን ወደ እኔ ገፋልኝ።

እሁድ

አማቼ ደወለ። ሬዲዮ እስካሁን አታወራም። ሐኪም ዘንድ ወስደዋታል፤ ጆሮዋም ጉሮሮዋም ጤነኛ ነው፣ ደንግጣ ነው፣ ጊዜ ስጧት ተብለዋል። ቤቱ ውስጥ በእግር ጥፍሯ ነው የምትሄደው አለ። መኪናውን ለሌላ ሹፌር ሰጥቶ ቤት ውሏል። ሚስቴ ግን ታለቅሳለች አለኝ፤ ይህን ሲል ደስ ያለው ይመስል ነበር። ቤት መጥታ የነበረችው ነርስ ለሷም ሰው አግኝታላታለች፤ የሚያናግራት።

አሁን የምትናገረው ለማያውቃት ሰው ነው። ይሁን። እኔ የሰማኋት አንድ ጊዜ ነው።

ሐሙስ

ዝናቡ አቁሟል። ቤቴ ጭር ብሏል። ድሮ ጸጥታ ዕረፍት ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ጆሮዬን ያመኛል። ጎረቤት ልጅ ስትጮህ ቆሜ እሰማታለሁ፤ እናቷ ዝም በይ ስትላት ሄጄ በሩን ላንኳኳ እነሳለሁ፣ ደግሞ እቀመጣለሁ። ምን ብዬ?

ምግብ አልበላልኝ አለ። ማንበብም አልቻልኩም። ፊደሎቹን አያቸዋለሁ፣ አይገጣጠሙልኝም።

ሌሊት የሬዲዮን እንባ አያለሁ። አውቃ ነበር። ወንድሟ አንድ ነገር እንደሆነ አውቃ ነበር። እናቷ ከግድግዳው ወዲያ ናት። አንድ ቃል ነበር የሚበቃት። እኔ ስላልፈቀድኩላት አልተናገረችም። እኔ ደግሞ ደረጃ ላይ ቆሜ እየተመሰገንኩ ነበር።

ማክሰኞ

ዛሬ የሱሪ ጠርዝ እየሰፋሁ መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ያን ጊዜ ነው የመጣልኝ። ያን ቀን ቆሻሻ ላወርድ ስወጣ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። ከዚያ ጩኸቱ፣ ደሙ፣ ሐኪሙ። ከዚያ ሻንጣዬ። ጣቴን አንስቼ በቃ ያልኳት መቼ ነው?

አላልኳትም። ልጅቷ አልደነገጠችም፣ አልታመመችም። እየተጫወተች ነው። ሕጉን እየጠበቀች ነው።

መርፌውን ሱሪው ላይ ትቼ ወደ ቤት ሮጥኩ። ልብስ ሰፊው ከኋላዬ ምን ሆንሽ ይለኛል። ስልኩን አንስቼ ደወልኩ። ልጄ ናት ያነሳችው። እባክሽ ልጅቷን አገናኚኝ፣ አንድ ቃል ብቻ ልበላት አልኳት። ኮሽታ ሰማሁ። ትንፋሽ ሰማሁ፣ ጆሮዋ ላይ እንዳደረገችላት ገባኝ። ትንሹ ከበስተጀርባ ሳንባው እስኪወጣ ያለቅሳል። ማንም እሽሽ አላለውም።

“በቃ፣ የኔ እናት” አልኩ። “ጨዋታው አልቋል። ቀድሞ ልልሽ ይገባኝ ነበር፤ ረሳሁት። ያጠፋሽው የለም። በቃ።”

ትንፋሹ ቆመ፤ ከዚያ ተቆራረጠ። ወዲያው አማቼ ከሩቅ ሬዲዮዬ ነይ ጫማሽን ላድርግልሽ ሲል ሰማሁት፤ ትንንሽ እግሮች ወደሱ ሲሄዱ። ስልኩ ላይ የነበረችው ልጅቷ አልነበረችም።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የምጨምረው ፈለግሁ። አባትሽ ብትከፍቺም አይተርፍም ነበር አልኳት። ይህንን ሳልነግርሽ ይህን ያህል ዘመን አለፈ። ልጄ አልቅሳ አልቅሳ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማኋት።

“ለእሷም በያት” አለችኝ።

እግሯ ኮሪደሩን አቋርጦ ሲሄድ ሰማሁ፤ ከባድ፣ ተረከዙ ወለሉን የሚመታ። አያትሽ ናት ስትል። ከዚያ ሌላ ትንፋሽ፣ አጭር አጭር። ያንኑ ቃል አልኩ። ጣቴን ከከንፈሬ ላይ አነሳሁ፤ የምታየኝ ይመስል።

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

“ለወንድሜም በቃ?” አለች።

በሹክሹክታ ነው ያለችው። ለሱም በቃ፣ ሆዴ፣ ለሁላችሁም አልኳት። ጮክ ብዬ ልለው ነበር የፈለግሁት፣ እንድትሰማኝ፣ እሷም እንድትጮህ። እኔም በሹክሹክታ ነው ያልኩት። ሌላ ድምፅ የለኝም።